ቁልፉን ስጠኝ ሲሉኝ ምን ልበል?

ባለ ኤስ 2000 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለአንዳንዱ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል።

የ2002 ሆንዳ ኤስ 2000 አለኝ። ብርማ ቀለም፣ ጥቁር ሸራ። የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ 91 ሺህ ማይል ሄዶ፣ በ14,500 ዶላር። ያንን ብር ያጠራቀምኩት በአራት ዓመት ነው። ቀን ፓርኪንግ እሠራ ነበር፣ ማታ ታክሲ።

መኪናውን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ። ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው። ማርሹ ማኑዋል ነው፣ ስድስት። ሞተሩ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ ግን 240 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ጉልበቱ የሚመጣው ሞተሩ በደቂቃ ከ6 ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር ነው። ቀዩ መስመር፣ ማለትም ሞተሩ ማለፍ የሌለበት ወሰን፣ 9 ሺህ አካባቢ ነው። ከ6 ሺህ በታች እንደማንኛውም ሆንዳ ጨዋ ነው። ከዚያ በላይ ድምፁ ይለወጣል፤ የሚነዳውም ሰው አብሮ ይለወጣል። ሆንዳ ከ1999 እስከ 2009 ሠራውና አቆመ። አንዱ ሲሰበር ሌላ አዲስ የሚባል የለም።

የመኪና ፍቅር ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ በኤንትሬ የጭነት መኪና አሰብ ድረስ ይመላለስ ነበር። ሞተር ሲያስነሳ ሬዲዮ አይከፍትም። መጀመሪያ ያዳምጣል። ረዳቱ መሪ የጨበጠው ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲያስር ከከረመ በኋላ ነው። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ሸራውን አውርጄ ወደ ፍሮንት ሮያል ስወጣ ሬዲዮ አልከፍትም። እዚያ የሚጀምረው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል የተራራ መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ለመሮጥ አይሆንም። መኪናን ለመስማት ግን ከሱ የሚሻል መንገድ አላየሁም።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ሦስት ሰዎች ቁልፉን ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው የአክስቴ ልጅ ነው። ሐምሌ ላይ ያገባል። ከቤተክርስቲያን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ድረስ ሙሽራዋን ጎኑ አስቀምጦ ራሱ ሊነዳው ይፈልጋል። እኔን ሳይጠይቅ ለእናቱ ነገራት። አክስቴ ደወለችልኝ። «አንተ እኮ ለሱ ወንድሙ ነህ» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። 21 ዓመቱ ነው፤ እኛው ቤት ነው የሚኖረው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት አልሞላውም፣ ያውም በአውቶማቲክ። ፍሪሲዮን ረግጦ አያውቅም። ግን እሁድ እሁድ መኪናውን አብሮኝ ያጥባል። ጨርቁን ጨምቆ ሲሰጠኝ ዓይኑ መሪው ላይ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ሦስተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ዱላስ ኤርፖርት ስደርስ የተቀበለኝ እሱ ነው። ሳሎኑ ሶፋ ላይ ሰባት ወር አደርኩ። መንዳት ያስተማረኝ በገዛ ካምሪው ነው። ያ ካምሪ እንጀራው ነበር፤ ታክሲ የሚሠራበት። አንድ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ወደ ኋላ ስሄድ ከምሰሶ ጋር አጋጨሁት። ፓራውርቶው ተሰነጠቀ። ወርዶ አየው። ተመልሶ ገባና «ስፖኪዮህን እያየህ፣ እንደገና» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ይህ ሰው መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ነዳጅ ስንቀዳ ኮፈኑን ዳበስ አደረገና «አንድ ቀን ታስነዳኛለህ» አለ። እኔ ሳቅሁና ወሬ ቀየርኩ። እሱም ሁለተኛ አላነሳውም። ባለፈው ወር 50 ዓመት ሞላው። ኬኩን ሲቆርስ ያቺ የነዳጅ ማደያ ቀን ትዝ አለችኝ። በጣም አፈርኩ።

ባለቤቴ «ብረት ነው፣ ሰው ይበልጣል» ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ለአንዱ ሰጥቼ ሌላውን ብከለክል ቂም ይመጣል። ለሁሉም ልስጥ ብል ሆዴ አይችልም። ለማንም አልሰጥም ብል ደግሞ ያንን ካምሪ ምን ላድርገው? እናንተ ይሉኝታውን እንዴት ተወጣችሁት?

—

የኢንሹራንስ ወኪል (ፎልስ ቸርች)

ወንድሜ፣ የልብህን ነገር ሌሎች ይመልሱልሃል። እኔ በሥራዬ በየሳምንቱ የማየውን ልንገርህ። ብዙ አበሻ ደንበኞቼ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

እዚህ አገር ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚከተለው መኪናውን እንጂ ሹፌሩን አይደለም። ፈቅደህ ከሰጠኸው እና ቢያጋጭ፣ መጀመሪያ የሚከፍለው ያንተ ኢንሹራንስ ነው። አደጋው የሚመዘገበው ባንተ ውል ላይ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ክፍያው የሚጨምረውም ባንተ ላይ ነው። ዲደክቲብሉም፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት አንተ የምትችለው ድርሻ፣ ካንተ ኪስ ይወጣል። «እሱ የራሱ ፉል ኢንሹራንስ አለው» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የሱ ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ያንተ ካለቀ በኋላ ነው።

ጓደኛህ በዓመት አንድ ቀን ቢነዳ «በፈቃድ የነዳ» ይባላል፤ ብዙ ውሎች ይሸፍኑታል። ወንድምህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ቤት ነው የምትኖሩት። አብሮህ የሚኖር መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ለኢንሹራንሱ መነገር አለበት። ሳይነገር ቀርቶ አደጋ ከደረሰ ክርክር ይነሳል።  ውልህን አውጥተህ ዛሬውኑ እየው። 21 ዓመት እና ስፖርት መኪና አንድ ላይ ሲሆኑ ዋጋው ያማል፣ አልዋሽህም። ቢሆንም ይነገር።

ሌላው፣ መኪናው አሮጌ ነው ብለህ የመጋጨት ሽፋኑን አስቀርተህ እንዳይሆን። ብዙዎች ብር ለመቆጠብ ያወጡታል። ያኔ ማንም ይንዳው ማን፣ ላንተ መኪና የሚከፈል ሳንቲም የለም። ሽፋኑ ቢኖርም ተራው ውል የሚከፍልህ እነሱ የገመቱትን የገበያ ዋጋ ነው። ዋጋውን አስቀድመህ ተስማምተህ የምትገባበት የሰብሳቢዎች መኪና ውል አለ፤ ላንተ እሱ ይሻላል። ግን ማን እንደሚነዳውና ለምን እንደሚነዳ ጠበቅ ያደርጋል። ሳታነብ አትፈርም።

ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛውን ሽፋን ከፍ አድርጋለች። ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። ዝቅተኛው ብቻ ካለህ ለማንም ቁልፍ አትስጥ። 25 ሺህ ዶላር ዛሬ አብዛኛውን አዲስ መኪና አይገዛም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ ወይም ከወሰኑ 20 ማይል አልፎ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም። ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ያንተ መኪና እዚያ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይደርሳል። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያላለቀ ሰው ከሆነ ለሱም አስብለት።

—

ከዱባይ

እኔ ለማንም አልሰጥም። ማስታንግ ነው የምነዳው። ለጓደኛዬ ለአንድ ምሽት ሰጠሁት፤ ሦስት የራዳር ቅጣት በኔ ታርጋ መጣ። እሱ እንዳይከፋው ብዬ ዝም አልኩ፤ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ «ናና ላንሸራሽርህ» እላለሁ እንጂ ቁልፍ ከእጄ አይወጣም። ማንም አልተቀየመኝም።

—

የጋራዥ ሰው (ሜሪላንድ)

19 ዓመት መኪና ስር ነው የኖርኩት። ኤስ 2000 ብዙ አልፏል በእጄ። ስለ መኪናው ልናገር፤ ሰው ቢጠይቅህ ምን እንደምትመልስለት ታውቃለህ።

የዚህ መኪና ትልቁ ጠላት ፍጥነት አይደለም፤ የተሳሳተ ማርሽ ነው። ሁለተኛና አራተኛ ሁለቱም ወደ ታች ናቸው። ሹፌሩ አምስተኛ ላይ 80 ማይል እየሄደ አራተኛ ለማስገባት ይስባል። እጁ ትንሽ ወደ ግራ ካዘነበለ ሁለተኛ ይገባል። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ጎማው ሞተሩን ይነዳዋል። ከ10 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል። ብዙ ሰው «ሞተሩ እኮ መቆጣጠሪያ አለው፣ ቀዩን አያልፍም» ይላል። መቆጣጠሪያው ነዳጅ ነው የሚቆርጠው። ጎማ ሲገፋው ምንም አያደርግም። በቀደሙት ሞዴሎች፣ ያንተንም ጨምሮ፣ የቫልቭ ስፕሪንጉን የሚይዙት ትንንሽ ቆቦች ያኔ ይሰነጠቃሉ። ክፋቱ ደግሞ ያን ቀን ላይታይ ይችላል። ጓደኛህ «ምንም አልሆነም» ብሎ ቁልፉን ይመልስልሃል፤ ከወር በኋላ አንተው ስትነዳው ይበተናል። ማን ነው ጥፋተኛው? እንዲህ ተካሰው እኔ ጋራዥ ውስጥ የተኮራረፉ ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ሁለተኛው ጠላት ዝናብ ነው። የ2002ቱ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ የለውም። ሆንዳ ያስገባለት በ2006 ነው። የሚገፋው የኋላ ጎማ ነው። ኩርባ ላይ ሹፌሩ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ድንገት ካነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ከዚያ ጭራው ፊት ለፊት ይመጣል። ካምሪ የለመደ ሰው ሲደነግጥ እግሩን ማንሳት ልማዱ ነው። ካምሪ ይቅር ይለዋል። ይህ አይልም።

ጎማህን እስቲ እይ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2316 ካለ በ2016፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በዓመት ሦስት ሺህ ማይል ለሚነዳ መኪና ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፤ ይደርቃል። የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር በ2013 የሞተባት ፖርሽ ጎማዎቿ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ነበሩ። የነዳው ጓደኛው ነው፤ ያውም የውድድር ልምድ ያለው። ፍጥነቱ ነው ዋናው፣ አውቃለሁ። ግን ለሰው መኪና የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ጎማውን ይይ።

ሰርጉን በተመለከተ፣ 495 አውራ ጎዳና ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ትራፊክ ሲያዝ ያ ፍሪሲዮን ያስለቅሳል። ሙሽራ ሰው ደግሞ ያን ቀን ልቡ ከሱ ጋር አይደለም። ሻምፓኙን ሳንጨምር።

ለወንድምህ፦ እኔ ጋ በር ላይ የ1998 ኮሮላ ማኑዋል ቆሟል። እሁድ ይዘኸው ና። ፍሪሲዮን የሚማርበት ይጨርስበት፤ ለኔ ምንም አይጎዳኝም።

—

ባለ ቮልሱ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እኔ ስፖርት መኪና ኖሮኝ አያውቅም። የነበረኝ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ ቮልስ ነው፤ የሟች አባቴ ማስታወሻ። ሰማያዊ። ያንተን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ተነካ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በ1998 ዓ.ም. የልብ ጓደኛዬ ሊያገባ ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን ናቸው። ሽማግሌ የሚልክበት መኪና አጣ። እኔ ያን ዕለት ሥራ ነበረብኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። አብሬ ልንገረው የሚገባኝ ነገር ነበር፤ ቸኩዬ አልነገርኩትም።

ቮልስ ውኃ የለውም። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚያመጣውን ፋን የሚያዞረው ቺንጋ ዲናሞውንም ያዞራል። ቺንጋው ሲበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ሌላ መኪና ላይ ያ መብራት «ባትሪ አይሞላም» ማለት ነው፤ ትንሽ ይኬዳል። ቮልስ ላይ ግን «አሁኑኑ ቁም» ማለት ነው። መለዋወጫ ቺንጋ ከነመፍቻው የፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበረ። በሃያ ደቂቃ ይታሰራል። እሱ ይህን ከየት ይወቀው?

አለልቱን እንዳለፉ መብራቱ በራ። ሦስት ሽማግሌዎች ጭኗል። ቀጠሮ አለ። «ባትሪው ነው፣ እንድረስ» አለ። ዳገት ነው። ሸኖ ሳይደርሱ ሞተሩ ተቃጠለ። ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ ቀጠሉ። ልጅቷንም ሰጧቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማታ ቤቴ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ብር ይዞ ነበር የመጣው፣ ተበድሮ። እኔ «ምንም አይደል» አልኩት። «ተው እንጂ» አለኝ። «ምንም አይደል» አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያወጣው ተቆጣሁ፤ ብሩን ኪሱ ውስጥ መልሼ ከተትኩለት። ወንድ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ውስጤ ግን ተቃጥሏል። ያ ሞተር የአባቴ እጅ የነካው ነው። ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ ስመላለስ በየቀኑ በሆዴ እሱን እወቅሳለሁ። እሱ ደግሞ ያውቃል። ፊቴ ላይ ያየዋል። መጀመሪያ ከማኅበሩ ቀረ። ቀጥሎ መንገድ ላይ ሲያየኝ መታጠፊያ ይፈልጋል። ሚዜው ልሆን ነበር፤ የሰርጉ ካርድ በሰው እጅ ነው የደረሰኝ። ሄጄ በላሁ፤ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ቆየን።

እናቱ ባረፉ ጊዜ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? «ያኔ ብሩን ተቀብለኸኝ ቢሆን ኖሮ ዕዳዬ ያልቅልኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ዕቃ የማውሰው እንዲህ ነው። ስለ ዕቃው የማውቀውን ጠባይ ሁሉ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ። «ከተበላሸ ታሠራለህ» እለዋለሁ፣ ፊት ለፊት፣ ቁልፉን ሳልሰጥ። ከተበላሸም እቀበላለሁ። ይህን ለመናገር ያፈርኩበት ሰው ከሆነ አልሰጠውም። ጓደኛህ ያን ካምሪ ሲሰጥህ ስለ ብሩ አላወራም ትላለህ። እሱ ግን ጎንህ ተቀምጦ ነበር። ይህን ልብ በል።

—

ሙሽራ የነበርኩ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ስለ ሰርጉ ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ? ሙሽራዋን ጠይቃችኋታል? እኔ ቬሎ ለብሼ ሊሙዚን ውስጥ እንኳ ሁለት ሰው ነው ጭራውን የሰበሰበልኝ። ያ መኪና ውስጥ ልብሱን ብትከቱት እሷ አትገባም። ሸራው ክፍት ሆኖ ሃይዌይ ላይ ደግሞ መሸፈኛውም ፀጉሩም አይተርፍም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ የተቀመጠችበት ፀጉር ነው።

እንዲህ አድርጉ። ፎቶ የምትነሱበት ፓርክ ውስጥ መኪናው ቆሞ ይጠብቃቸው። ሙሽራው መሪውን ይዞ፣ እሷ ጎኑ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እስኪበቃቸው ይነሱ። በሰልፉ ላይ አንተው ንዳ፤ ካሜራማኑን ቀበቶ አስሮ ጎንህ አስቀምጠው፣ ፊት ፊት ሂዱ። ቪዲዮው ላይ የሚቀረው እሱ ነው። አክስትህም ደስ ይላታል።

—

ባለ ኤስ 2000 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት አልፏል፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

አክስቴጋ ደወልኩ። ሙሽራዋን ያነሳሽልኝ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅቷ መኪናው ሁለት ወንበር እንደሆነ አታውቅም ነበር። አሁን ፓርክ ይቆማል፤ ሰልፉን እኔ እመራለሁ። አክስቴ «ታዲያ ይህን ቀድመህ አትልም ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጋሼ ባለ ቮልሱ፣ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጓደኛዬን በር አንኳኳሁ። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት ኩሽናው ውስጥ ቁጭ ብለን ነገርኩት። ሁለተኛና አራተኛውን። ኩርባ ላይ እግር ድንገት እንደማይነሳ። ጎማውን አይቼ እንደመጣሁ፤ የ2021 ነው። «ከተበላሸ ዲደክቲብሉን አንተ ትችላለህ» ስለው ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እሱ ቡናውን አስቀመጠና እጁን ዘረጋልኝ። «ተስማምተናል» አለ። ቅር ያለው ነገር ፊቱ ላይ ፈለግኩ። አላገኘሁም።

እስከ ፍሮንት ሮያል እኔ ነዳሁ። መግቢያው ላይ ቦታ ተቀያየርን። ማኑዋል ከነዳ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፋበት። ሦስተኛው ላይ ተነሳ። ሬዲዮውን አልነካም። ማንም አልነገረውም። 35ን ሳያልፍ፣ ማርሹን በሁለት ጣት እንደመያዝ እያደረገ፣ እያዳመጠ ወጣ። እኔ ይህን መኪና ከተሳፋሪ ወንበር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ድምፁ ሌላ ነው።

ዲኪ ሪጅ በሚባለው ማረፊያ ሲያቆም የፊት ቀኝ ቸርኬ ከድንጋዩ ጋር ተፋቀ። ሁለታችንም ሰማነው። ወርዶ ተንበርክኮ አየው። የጣት ርዝመት የምታህል ጭረት ናት።

«ስንት ነው?» አለኝ።

ምላሴ ላይ «ምንም አይደል» ነበር። የቸርኬ ጭረት ከዚህ በፊት እኔው አስጠግኛለሁ፤ ዋጋውን አውቃለሁ። «120 ዶላር» አልኩት። እዚያው ቆሞ በስልኩ ላከልኝ። ከዚያ ቁልፉን ሊመልስልኝ ዘረጋ። አልተቀበልኩትም። ወደ ተሳፋሪው ወንበር ዞሬ ገባሁ። እስከ ቤቱ ድረስ የነዳው እሱ ነው።

የወንድሜን ስም ሰኞ ለኢንሹራንሱ አስገብቻለሁ። የኢንሹራንሷ ወኪል፣ ዋጋው እንዳልሽው ያማል። ግማሹን እሱ ይከፍላል፤ ተስማምተናል። የጋራዡ ወንድሜ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን። ኮሮላውን ነዳጅ እኛ እንሞላዋለን።